የሮቢትን በጋ የሚሻገረው ችግኝ

ጠጋ በሉ፤ ይህን በገዢ ፊት አንናገረውም።

ሐምሌ ገብቶ የችግኝ ገበያ ሲደራ ከመደቡ ላይ ቀድሞ የሚያልቀው ያው ነው፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ ቁመቱ ከጉልበት ያለፈ፣ አረንጓዴነቱ ከሩቅ የሚጠራ። ገዢው አምስት ስድስቱን ተሸክሞ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ሻጩም ደስ ብሎት ብሩን ይቆጥራል። ችግኝ የሚያፈላ ሰው ለራሱ ግቢ ሲሆን ግን ያንን አይነካውም። እጁ የሚሄደው ጥግ ላይ ወደተረሳው፣ ቅጠሉ ደቃቅ፣ እሾሁ ጣት የሚወጋ፣ ከተዘረጋ እጅ ወደማይበልጠው ነው።

ለምለሙ ለምለም የሆነው ዳስ ሥር በጥላ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እየጠጣ ስላደገ ነው። ላዩ ከሥሩ በልጧል። የሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ ሲተከል ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ባለቤቱን ያታልላል፤ ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲቆም ያንን ሁሉ ቅጠል የሚያጠጣ ሥር የለውም። ባለቤቱ «ፀሐዩ ገደለብኝ» ይላል። የገደለው ድሎቱ ነው። ደንቡን የሚያውቅ የችግኝ ጣቢያ ችግኙን ከመሸጡ በፊት ባሉት ሳምንታት ዳሱን ያነሳል፣ ውሃውን ይቀንሳል፤ እኛ ማጠንከር የምንለው ይህ ነው። የጠነከረ ችግኝ ግን ቅጠሉ ጠቆር ይላል፣ ግንዱ እንጨት ይሆናል፣ መልኩም ይከፋል። ገበያ ላይ ደግሞ መልክ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ብዙዎች ማጠንከሩን ይተዉታል።

ስለ አገሩም ልንገራችሁ፤ ሰው በዚህ በኩልም ይሳሳታል። ሸዋ ሮቢት በረሃ አይደለችም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ቆላ ናት። የዓመቱን ዝናብ ደምሮ ላየ ሰው አያስደነግጥም። ችግሩ አከፋፈሉ ላይ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ያወርደዋል፤ ከዚያ ይዘጋል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በልጉ መምጣት ነበረበት፤ በልግ ደግሞ እዚህ በይፋት ቆላ አንድ ዓመት መጥቶ ሌላ ዓመት የሚቀር ነው። በልጉ የቀረ እንደሆነ ባለፈው ሐምሌ የተተከለው ችግኝ ከጥቅምት እስከ ሰኔ በአንድ ክረምት እርጥበት መዝለቅ አለበት። እንግዲህ ችግኝ ስትገዙ ሻጩን ይህን ጠይቁት፦ ስምንት ወር ውሃ ቢያጣ ምን ያደርጋል? መልስ ያለው ዛፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ሌላው ሥሩን ወደ ታች ልኮ ቅጠሉን ይዞ ይቆማል። ሁለቱንም ማድረግ የማይችለው ይሞታል።

ሌላው ምስጢር የጣርማ በር ቁልቁለት ነው። ከደብረ ሲና በላይ ካለው ዋሻ ተነስቶ ሮቢት እስኪደረስ መንገዱ በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ብርድ የለመደ ተክል ከላይ በመኪና ተጭኖ በአንድ ሰዓት ጉዞ ሙቀት ውስጥ ይገባል። 2,800 ሜትር ላይ የፈላ ጽድ፣ ደጋ የሚወደው ነጭ ባህር ዛፍ፣ እነዚህ ሁሉ በርካሽ ወደ ታች ይመጣሉ፤ ሻጩ የት እንደፈሉ ካልተጠየቀ አይናገርም። ጠይቁት። ማመሳከሪያ መያዝ የፈለገ ሰው የአዘነ በቀለ ተሰማን የኢትዮጵያ ጠቃሚ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች መጽሐፍ ይፈልግ፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2007 ሰፋ ብሎ የታተመው ነው። የእያንዳንዱን ዛፍ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የሌሎች ቋንቋዎች ስም፣ የሚስማማውንም ከፍታ ይናገራል። ከጥቅሙ በፊት የከፍታውን መስመር አንብቡ።

አሁን ወደ ስም እንግባ። በዚህ አገር በጆሮ የሚነገረው የመጀመሪያው ስም ቁርቁራ ነው፤ ገባ የሚሉትም አሉ።

ቁርቁራን ችግኝ ብሎ መግዛት ለብዙ ሰው ውርደት ይመስለዋል። በማሽላ ማሳ መሃል ሳይተክሉት የበቀለ፣ ልጆች ፍሬውን እየለቀሙ የሚበሉት፣ ፍየል ቅጠሉን የሚያራግፍለት ዛፍ ነው፤ «ይህንንማ ማን ይገዛል?» ይላሉ። ግን አስተውላችሁ እዩት። ሚያዝያ ላይ በልጉ በቀረበት ዓመት፣ ሜዳው ሁሉ የአቧራ መልክ ሲይዝ፣ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው እሱ ነው። ዋና ሥሩ ወደ ታች ይጓዛል እንጂ ላይ ላዩን አይዞርም፤ ስለዚህ ከቤት መሠረትና ከአጥር ግንብ ጋር ብዙም አይጣላም። ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ልጅነቱን ከተገረዘ አንድ ግንድ ያለው የግቢ ዛፍ ይሆናል፤ ካልተነካ ደግሞ የማይታለፍ የእሾህ አጥር። ንብ ይወደዋል። ለሙስሊሙ ቤት ደግሞ ሌላ ክብር አለው፤ ሲድር የሚባለው ይኸው ነው፣ የሟች ገላ የሚታጠብበት ቅጠል። በይፋት በየመንደሩ የቀብር ቦታ ዳር የቆሙትን ትልልቅ ቁርቁራዎች ያየ ሰው፣ ያለ ጠባቂና ያለ ውሃ ቦቴ ስንት በጋ እንዳሳለፉ ይገምት።

ታዲያ ለምን በመደብ ላይ አይበዛም? የፍሬው አስኳል ድንጋይ ነው፤ መስበር ወይም ማርጠብ ይፈልጋል፣ አበቃቀሉም አንድ ላይ አይደለም። ጥር ላይ ዘርቶ ሐምሌ ላይ ለማስረከብ ለሚሮጥ ጣቢያ አይመችም። ቁጥሩ ይጎድልበታል።

ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር በሌላ በኩል እንየው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ በአንድ ቀን 200 ሚሊዮን ችግኝ ለመትከል ታቅዶ ከ350 ሚሊዮን በላይ እንደተተከለ ተነገረ። ያን ቀን ወጥቶ ያልቆፈረ ሰው ጥቂት ነው፤ ደስ የሚልም ቀን ነበር። ከመደቡ ጀርባ ሆኖ ላየው ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ነበር። ይህን ያህል ችግኝ በአንድ ክረምት ሲታዘዝ የሚፈላው ምንድን ነው? በአምስት ወር የሚደርሰው፣ ዘሩ በኪሎ የሚገኘው፣ አንድ ላይ የሚበቅለው ነዋ። ሰስባኒያ፣ ሉኪኒያ፣ ባህር ዛፍ፣ ግራቪሊያ። መጥፎ ዛፎች ናቸው አላልኩም፤ እያንዳንዱ የሚመቸው አገር አለው። ችግኝ የሚመረጠው ግን ብዙ ጊዜ በሚተከልበት መሬት ሳይሆን በሚፈላበት መደብ ልክ ነው። በሪፖርት የሚጻፈውም ሐምሌ ላይ የተተከለው ነው። በእኛ በኩል የሚከበረው ቆጠራ በጋውን ካለፈ በኋላ ሰኔ ላይ የሚደረገው የጽድቀት ቆጠራ ነው፤ እሱ ግን ፎቶግራፍ አይነሳለትም።

ስለ ኒም የምነግራችሁን ደግሞ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ስሙ። «ኒም» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ኒም አይደለም። እውነተኛው ኒም ከህንድ የመጣ ነው፤ ሙቀት ይወዳል፣ ለሮቢት ከፍታ ይስማማል፣ ከጸደቀ በኋላ በጋውን በጥላው ያሳልፋችኋል። የሚመስለው ዘመዱ ሚሊያ ነው፤ በጋ ላይ ራቁቱን ይቆማል፣ ፍሬውም ለሰው መርዝ ነው። ልጅ ያለበት ቤት ይጠንቀቅ። መለያው ቀላል ነው። የኒም ቅጠሎች በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ተሰክተው ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ነው፤ የሚሊያ ዘንግ ግን ራሱ ቅርንጫፍ አውጥቶ እንደገና ይከፋፈላል። ካበበ አበባው ይነግራችኋል፤ የኒም ነጭ፣ የሚሊያ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ። ሻጩ ሁልጊዜ እያጭበረበረ እንዳይመስላችሁ። የኒም ዘር ከዛፉ ከወረደ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የመብቀል አቅሙን ያጣል፤ ከሩቅ አገር በጆንያ ሲመጣ መንገድ ላይ ይሞታል። የሚሊያ አስኳል ግን ቢከርምም ይበቅላል። እናም ኒም የተዘራበት መደብ ባዶ ሲቀር ሚሊያ ይዘራበታል፤ ሰሌዳውን የሚቀይር ግን የለም።

«ጋሼ፣ ቶሎ ጥላ የሚሆነኝ የለዎትም?» የሚል ገዢ ሲመጣ የሚሰጠው የድሬዳዋ ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ አበባው እሳት ይመስላል፣ ሁሉም ይወደዋል። የማይነገረው ሥሩ ነው። ከማዳጋስካር የመጣው ይህ ዛፍ ሥሩን ላይ ላዩን ይዘረጋል፤ ሲሚንቶ ያነሳል፣ የግቢ ንጣፍ ይሰነጥቃል። ቅርንጫፉም በንፋስ ይገነጠላል። ሰፊ ሜዳ ላላት ትምህርት ቤት ወይም ለአውራ ጎዳና ዳር መልካም ነው፤ ለ200 ካሬ ሜትር ቦታ ግን አትውሰዱት።

ከዐረብ አገር ሠርተው የተመለሱ ልጆቻችን ደግሞ የሚያሳዩት ስልካቸውን ነው፤ «እንዲህ ያለ አጥር እፈልጋለሁ» ይላሉ። በስልኩ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ደማስ የሚሉት ኮኖካርፐስ ነው፤ በዱባይና በኩዌት እንደ ግድግዳ ተከርክሞ የሚታየው። አንደኛው ዝርያ መነሻው እዚሁ ጎረቤታችን ሶማሌ ምድር ነው። ያ አረንጓዴ ግድግዳ በየቀኑ በቧንቧ እንደሚጠጣ፣ ሥሩም ያንን ቧንቧና የፍሳሽ መስመር ፍለጋ እየገባ የባሕረ ሰላጤውን ማዘጋጃ ቤቶች እንዳስመረረ ስልኩ አያሳይም።

አጥር ከፈለጋችሁ ወደ ተራራው ግርጌ ውጡ። ክትክታ እዚያ አለ። አፈሩ ታጥቦ ድንጋይ በቀረበት ተዳፋት ላይ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነ፣ ፍየል አሽትቶ የሚያልፈው ቁጥቋጦ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ለቤት ማገርና ለማገዶ ነው፤ በመስመር ተተክሎ በዓመት ሁለቴ ቢከረከም ግን የሆቴል ግቢ የሚያስከብር አጥር ይሆናል። በመሃሉ አጋም አስገቡ። ነጭ አበባው ማታ ማታ ግቢውን ያውደዋል፣ ፍሬውን ልጅም ወፍም ይበላዋል፣ እሾሁ ደግሞ ሌባን ያሳስበዋል። ቅንጭብ ከሁሉም ይቀላል። ቆርጦ መሰካት ብቻ ነው፤ ውሃ ሳያይ ይይዛል። ነጭ ወተቱ ግን ዓይን ውስጥ ከገባ የማየት ነገር አደጋ ላይ ይወድቃልና፣ ልጆች በሚጫወቱበት በኩል አይሁን፤ የሚቆርጠውም ሰው ፊቱን ያዙር። እሬትን ማንም ባትከፍሉትም ይሰጣችኋል፤ ድንጋይ ክምር ላይ ጣሉት፣ አበባው ወፍ ይጠራል።

ፍየልን ካነሳሁ ልጨርሰው። በይፋት ቆላ ከድርቁ ይልቅ ችግኝ የሚፈጀው አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ የሚለቀቀው ልቅ ግጦሽ ነው። ስለዚህ ችግኝ ስትመርጡ ፍየል የሚወደውንና የሚጠላውን ለዩ። ሽፈራው ለቆላ ተስማሚ ነው፣ የኮንሶ ሰው ጎመኑ አድርጎት ይኖራል፤ ፍየል ካገኘችው ግን አንድ ቀን አይቆይም። እሱን ከግቢ ውስጥ፣ ከኩሽና ጀርባ ትከሉት። ከአጥር ውጭ ክትክታ። ቁርቁራና ግራር ሁለት ዓመት በእሾህ ቅርንጫፍ ከታጠሩ በኋላ ራሳቸውን ይከላከላሉ።

ሽፈራው ሌላም ጠባይ አለው፤ ውሃ የሚቋጥር መሬት አይወድም። የሮቢት ሜዳ ሰፊው ክፍል ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ይጨቀያል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በተሰነጠቀ ቁጥር ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል። ሽፈራውን ዋልካ ላይ የምትተክሉ ከሆነ አፈር ከፍ አድርጋችሁ ጉብታ ላይ ይሁን። ግራሮቹና በደኖ ዋልካውን ይችሉታል። በደኖ እንደ ተምር ያለ ፍሬ የሚሰጥ፣ አዝጋሚ ዛፍ ነው፤ ሁመርም እንዲሁ አዝጋሚ ነው፣ ጥላው ግን ሌላው ሁሉ የሚያፍርበት ነው። እነዚህን ሁለቱን የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ የልጅ ልጅ ያየ ሽማግሌ ነው።

አንድ ችግኝ ግን ማንም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። «ይህ ውሃ አይፈልግም፣ ፍየል አይበላውም፣ በአንድ ዓመት አጥር ይሆናል» ተብሎ የሚመጣው ፕሮሶፒስ ነው። የተባለው ሁሉ እውነት ነው፤ ክፉነቱም እዚያው ላይ ነው። ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ እሾሃማ ዛፍ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በመካከለኛው አዋሽ ለጥላና ለንፋስ መከላከያ ተተከለ። ጣፋጭ ፍሬውን ከብቱና ግመሉ እየበሉ ዘሩን በእበታቸው ተሸክመው አደረሱት፤ ዛሬ በአፋር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሸፍኖ የግጦሹን ሣር አጥፍቷል። እኛ ከዚያ ሜዳ ጋር ድንበርተኞች ነን፤ ከብቱም ድንበር አያውቅም። ድርቅ መቻል ብቻውን የምርጫ መለኪያ ሊሆን እንደማይችል ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ለሆቴልና ለትልቅ ግቢ ባለቤቶች ደግሞ ይህን ላክል። በአሜሪካ የዴንቨር ከተማ የውሃ ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. «ዜሪስኬፕ» የሚለውን ስም ለውሃ ቆጣቢ የግቢ አተካከል አውጥቶ ነበር። ከዚያ ውስጥ ለሮቢት የሚጠቅመው አንድ ሃሳብ ነው፤ የሚጠጣውን ከማይጠጣው ለይታችሁ ትከሉ። የእኛ ግቢዎች ሣሩን፣ ቡገንቪሊያውንና ግራሩን አንድ ላይ ቀላቅለው በአንድ ጎማ ያጠጣሉ። ሣሩ ይጠማል፣ ግራሩ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ቡገንቪሊያው ቅጠል ብቻ ያወጣል። ቡገንቪሊያ የሚያብበው ሲጠማ ነው፤ አበባ ካነሰው ውሃውን ቀንሱበት። ሣር የግድ ካስፈለገ በረንዳው ፊት ትንሽ ይሁን፤ የቀረውን ለጠጠርና ለእሬት ተዉት።

አተካከሉም የራሱ ምስጢር አለው። ጉድጓዱ ግንቦት ላይ ይቆፈር፣ ግማሽ ሜትር ጥልቀት አይነሰው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ገብቶበት ይረፍ። ችግኙን ስትመርጡ ያደገበትን ላስቲክ ከሥር ገልብጣችሁ እዩ። ሥሩ ታች ላይ እንደ ገመድ ከተጠቀለለ ያ ችግኝ አርጅቷል፤ የግራር ዋና ሥር በጥቂት ሳምንት የላስቲኩን ወለል ይነካል፣ ከተጠቀለለ በኋላ መሬት ውስጥም መዞሩን አይተውም። ለዚህ ነው አጭሩን ችግኝ የምንወስደው። ስትተክሉ የላስቲኩን ታች አንድ ጣት ያህል በምላጭ ቁረጡ፣ ከዚያ ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውጡ፤ ከነላስቲኩ የሚተክል ሰው ዛሬም አለ። ከተዳፋቱ በታች በኩል ግማሽ ጨረቃ ክትር ሥሩለት። የማሽላ አገዳ ወይም ጠጠር አልብሱት፤ አገዳው ግንዱን ከነካ ግን ምስጥ ይጋብዛል፣ አንድ ስንዝር ይራቅ።

ውሃውን በተመለከተ ዘበኛ በየማታው በጆግ የሚያፈስሰው ውሃ ችግኝ ያበላሻል። ላዩ ብቻ ስለሚርስ ሥሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዘበኛው ለበዓል አገሩ የገባ ቀን ያልቃል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እስኪጠግብ፣ ቀስ እያለ ይሁን። ከችግኙ አጠገብ ያልተቀባ የሸክላ ማሰሮ እስከ አንገቱ ቀብራችሁ ውሃ ብትሞሉት በራሱ እያንጠባጠበ ያጠጣል። ሁለተኛው በጋ ላይ በወር አንድ ጊዜ፣ በሦስተኛው ተዉት።

የመጨረሻው ነገር ዘር ነው። ችግኝ ማፍላት የፈለጋችሁ እንደሆነ ዘሩን ከሱቅ አትግዙ። ቁርቁራና ሁመርን ከቀብር ቦታ፣ ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አስፈቅዳችሁ ልቀሙ፤ የዚህን አገር በጋ ያለፈ እናት ዛፍ እዚያ ነው ያለው። የግራርን ዘር ደግሞ የፍየል በረት ባለቤት ጠይቁ። ፍየሏ ፍሬውን ስትበላ ቅርፊቱን ሆዷ ያለሰልሰዋል፤ ከበጠጡ የተለቀመ ዘር ሌሊቱን በፈላ ውሃ ሳይዘፈዘፍም ይበቅላል። ለረኛው ልጅ የሆነ ነገር ስጡት፤ በአንድ ጠዋት አንድ ጣሳ ይሞላላችኋል።